አዲሱን ልብ ወለድ ከተቆለፈበት አውጡልን

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለምትሠሩ ሁሉ፣ የመጽሐፍ መግዣ በጀት ላይ ለምትፈርሙ ኃላፊዎችም ጭምር፤

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገችኝ አንዲት የማላውቃት ልጅ ናት። ከአሥራ ሰባት ዓመት አትበልጥም። ባለፈው ወር አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከኋላዋ ተሰልፌ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አዲስ የወጣ ልብ ወለድ አለ?" አለች። ሠራተኛዋ ከምትሞላው ቅጽ ቀና ሳትል "ልብ ወለድ እዚያ ጥግ ነው፣ ሄደሽ እዪ" አለቻት። ልጅቷ ሄደች። መደርደሪያው ላይ ልባሳቸው የተገነጠለ፣ ርዕሳቸው ከጀርባቸው የጠፋ፣ በፕላስተር የተጠገኑ መጻሕፍት ተደርድረዋል። አንዱን አወጣች፣ መለሰች። ሌላ አወጣች፣ መለሰች። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየችም፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

ከሠራተኛዋ ጀርባ ባለው የመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ግን አዳዲስ ልብ ወለዶች ነበሩ። ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አንድ ናቸው። ማህተም ተመቶባቸዋል፣ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፣ ሽፋናቸው ያብረቀርቃል። ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። ለምን እንደተቆለፈ ስጠይቅ "እንዳይጠፉ ነው እህቴ" ተባልኩ።

እኔ በዚያች ሠራተኛ አልፈርድም። ለሁለት ዓመት በኮንትራት አንድ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። መጽሐፍ ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ተቆርጦለት ንብረት ክፍል ከገባበት ቀን ጀምሮ የሚታየው እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ነው። ዓመት ሲያልቅ ቆጠራ ይመጣል። ጎደለ ማለት ጣጣ ነው፣ ደብዳቤ ነው፣ ከደመወዝ መቆረጥም ሊመጣ ይችላል። ማንም ሳይነካው መስታወት ውስጥ አምስት ዓመት የተቀመጠ መጽሐፍ ግን ማንንም አያስጠይቅም። ሃያ ሰው አንብቦት ሃያ አንደኛው ይዞት የጠፋ መጽሐፍ ያስጠይቃል። ስለዚህ ሠራተኛው ይቆልፋል። ምን ያድርግ?

ኃላፊዎች፣ የመጀመሪያ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ለቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አላቂ ዕቃ መሆኑን በግልጽ ጻፉላቸው። በንባብ ብዛት የተቀደደውንና ጥቂት የጠፋውን በአግባቡ መዝግቦ የሚሰርዝ አሠራር አብጁ። ይህ ካልተደረገ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ልጅቷ የጠየቀችው ጥያቄ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ እኔም ብዙ ጊዜ ተጠይቄዋለሁ። "አሪፍ ልብ ወለድ ምን አለ?" ይሉኛል። እኔም አፌ ላይ የሚቀድመኝ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ፍቅር እስከ መቃብር። እሱ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ኦሮማይ። እሱም ከሌለ ከአድማስ ባሻገር። ከዚያ በኋላ ዝም። ሰውየው "እነዚህንማ አንብቤያቸዋለሁ" ካለኝ ወደ ጥግ እጄን እቀስር ነበር፣ ልክ እንደዚያች ሠራተኛ።

እንዳታጣሉኝ፣ እነዚህን መጻሕፍት እወዳቸዋለሁ። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያላገኘ አንባቢ እንዲያገኛቸው እፈልጋለሁ፣ ጉዱ ካሣንማ ሳይሰሙ ማደግ ትልቅ መጉደል ነው። ነገር ግን ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቋንቋ ብዙ ተጽፏል። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚጠብቅ ሰው፣ ከአረብ አገር የተመለሰች እህት፣ ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ፈርሶ ጎረቤቱ የተበተነበት ሽማግሌ፣ ሌሊቱን ስልክ ላይ የሚያድር ወጣት፣ እነዚህ ሁሉ በልብ ወለዶቻችን ውስጥ አሉ። አንባቢው ግን እንዳሉ አያውቅም፣ ምክንያቱም የሚነግረው ሰው የለም።

እነዚያ "ክላሲክ" የምንላቸውም ቢሆኑ አንድ ቀን አዲስ ነበሩ። በዓሉ ግርማ ኦሮማይን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ዛሬ ድረስ የደረሰልን በጊዜው ያነበቡ ሰዎች "ይህን ሳታነብ እንዳታድር" እየተባባሉ በስውር ስላቀባበሉት ነው። አንድ ሰው ለሌላው እጅ በእጅ ሰጥቶታል። እኔ ቤተ መጻሕፍት በይፋ፣ በጠራራ ፀሐይ እንዲያደርገው የምፈልገው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ችግሩን የሚያየው "ሕዝቡ አያነብም" በሚለው በኩል ብቻ ነው። አዲስ መጽሐፍ ወደ አንባቢ የሚደርስበትን መንገድ እዩት። በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር፣ አርታኢ ነበረው፣ መጽሐፍ በየክፍለ ሀገሩ ይሰራጭ ነበር። ሳንሱሩም አብሮ ነበር፣ ያንን ማንም አይናፍቅም። ዛሬ ብዙ ደራሲ ከኪሱ አውጥቶ ወይም ተበድሮ ያሳትማል። ወረቀት ተወደደ፣ የአንድ ልብ ወለድ ዋጋ በመቶዎች ብር ሆነ። ደራሲው ጥቂት ሺህ ቅጂ አሳትሞ ለአከፋፋይ ይሰጣል። ለገሃር፣ ብሔራዊ አካባቢ፣ ሜክሲኮ ጥቂት መደብሮችና አዟሪዎች ይይዙታል። ምረቃው ላይ አንድ ቅዳሜ ይወራለታል። ከዚያ ያልቃል። እንደገና ካልታተመ ጠፋ ማለት ነው። በስልክ የሚሰራጨውን የተሰረቀ ቅጂ አልቆጥረውም፣ እሱ ደራሲውን የሚያደኸይ ነው።

ስለዚህ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንድን ልብ ወለድ በወጣበት ዓመት ካልገዛ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አያገኘውም። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር አለ፣ እውነት ነው። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ በሕግም የታተመ ሁሉ ቅጂው እዚያ ይገባል። የእሱ ዋና ሥራ ግን ለትውልድ ማቆየት ነው፣ ተመራማሪው እዚያው ቁጭ ብሎ ያነባል። ከሥራ ወጥታ ታክሲ ውስጥ የምታነብ ሴት መጽሐፍ ተውሳ ወደ ቤቷ የምትወስደው ከወረዳዋ ቤተ መጻሕፍት ነው። ወይም መውሰድ ነበረባት።

ግዥውን ደግሞ እናውቀዋለን። ዓመቱን ሙሉ ምንም አይገዛም፣ ሰኔ ላይ በጀቱ እንዳይመለስ ሩጫ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ነጋዴው መጋዘኑ ውስጥ ያለውን በዝርዝር ይሰጣል፣ ግዥ ክፍል ዋጋውን ያያል፣ መጽሐፉን የሚያየው የለም። በዚያ መንገድ የሚገባው በአብዛኛው የፈተና መለማመጃ ነው፣ ከዚያ አነቃቂ መጽሐፍ፣ ከዚያ ሳይሸጥ የቀረ ልብ ወለድ። ልክ ነው፣ የመማሪያ መጽሐፍ ያስፈልጋል። የንባብ አዳራሾቻችን የሚሞሉት የራሳቸውን ደብተር ይዘው በሚመጡ ተማሪዎች እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቤታቸው ጠባብ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ ይምጡ። እኔ የምለው ከበጀቱ ትንሿን ክፍል፣ በየሦስት ወሩ ለአሥርና ለአሥራ አምስት አዳዲስ ልብ ወለዶች ለዩልን ነው። ዝርዝሩን ደግሞ የሚያነብ ሠራተኛ ያውጣው። እያንዳንዱ ቤት ቢያንስ አንድ የሚያነብ ሠራተኛ አያጣም፣ ማን እንደሆነም ታውቃላችሁ።

መግዛቱ ግን ግማሹ ነው። ሌላኛው ግማሽ ማቅመስ ነው።

ካታሎግ ለአንባቢ አያቀምስም። ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍን በቁጥር በሚለይበት በዴዊ አመዳደብ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ 892.8 ላይ ነው፣ የአማርኛው ልብ ወለድ ሁሉ እዚያው ተጠጋግቶ ይቆማል። የሚያስለቅሰውም፣ የሚያስቀውም፣ ሰማንያ ገጹም፣ ዘጠኝ መቶ ገጹም። ቁጥሩ መጽሐፉ የት እንዳለ ይናገራል እንጂ ለማን እንደሚሆን አይናገርም። ይህን ሊናገር የሚችለው ሰው ብቻ ነው።

እኔን ይህን ያስተማሩኝ አብሬያቸው የሠራሁ አንድ አዛውንት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው፣ ጋሼ እንላቸዋለን። "ምን ላንብብ?" ብሎ የመጣን ሰው ወዲያው መጽሐፍ አይሰጡትም። "ቁጭ በል እስቲ" ይሉታል። "መጨረሻ ላይ የጨረስከው መጽሐፍ ምንድን ነው?" ይሉታል። "ምንም ጨርሼ አላውቅም" ካለ አያፍሩበትም፣ "እሺ፣ የምትወደው ድራማስ? ተሰብስባችሁ ስታወሩ የምትወደው የማን ወሬ ነው?" ይላሉ። "በቀን ስንት ሰዓት ታገኛለህ? ታክሲ ውስጥ ነው ወይስ አልጋ ላይ?" ይላሉ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ሁለት መጽሐፍ ይዘው ይመጣሉ፣ አንዱን ስለ ሰውየው ብለው፣ ሌላውን ደግሞ ትንሽ ከሚያውቀው ወጣ እንዲል። "አሥር ገጽ አንብበህ ካልጣመህ መልሰው፣ አልቀየምም" ይሉታል። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው ከንባብ የሚርቀው ጀምሮ ያልጨረሰው መጽሐፍ እያሳፈረው ነው።

እስቲ እኔ ማን ምን ቢቀምስ እንደምል ልንገራችሁ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፣ የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ቢሆንም ደስ ይለኛል።

ሙሉ መጽሐፍ ጨርሳ ለማታውቅ፣ ግን በስልኳ ላይ ቀኑን ሙሉ ለምታነብ ወጣት የሕይወት እምሻውን ባርቾ እሰጣለሁ። አጫጭር ታሪኮች ናቸው፣ ስለ ከተማ ሰው ናቸው፣ ቋንቋው የእኛው የየዕለት ቋንቋ ነው። አንዱን ታሪክ በምሳ ሰዓት ትጨርሳለች። መጨረስ መቻሏን ማየቷ ትልቅ ነገር ነው። የሚቀጥለውን ራሷ መጥታ ትጠይቃለች፣ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሰፈሩ ለፈረሰበት ሰው የአለማየሁ ገላጋይን አጥቢያ። የአራት ኪሎን የድሮ መንደር ሰዎች ይዞ የቆመ መጽሐፍ ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው እዚያው አራት ኪሎ ነው። እኔ ብሆን ያንን መጽሐፍ ከመግቢያው በር አጠገብ ከማንም በፊት አስቀምጠው ነበር። አንባቢው ከመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ የሚያየው ቦታ ላይ ቀድሞ ማን ይኖር እንደነበር ቢያነብ ደስ ይለኛል። አንድ ጊዜ ለአንድ ሾፌር ሰጠሁት፣ አራት ኪሎ ያደገ ሰው ነው፣ አሁን የሚኖረው ከከተማው ጠርዝ ነው። ሲመልስ ምንም አላለኝም። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ እጁን ላዩ ላይ ትንሽ አቆየ። ከዚያ "ሌላም ጽፏል?" አለኝ። አዎ፣ ብዙ ጽፏል።

ደራሲው አዳም ረታ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው በስሙ ይፈራዋል፣ "ከባድ ነው" ይላል፣ እኛ ሠራተኞችም ፍርሃቱን አብረን እናባብሳለን። ችግሩ ከየት እንደሚጀመር አለማወቅ ነው። የስንብት ቀለማት በ2008 ዓ.ም. ሲወጣ ሁሉም ስለ ውፍረቱ ነበር የሚያወራው፣ ከዘጠኝ መቶ ገጽ በላይ ነው። ለአዲስ አንባቢ በዚህ አትጀምሩለት። ከ1981ዱ ማኅሌት ጀምሩለት፣ አጫጭሮቹ ናቸው። ከዚያ እቴሜቴ ሎሚ ሽታን ስጡት፣ ታሪኮቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፣ የግርጌ ማስታወሻው ራሱ ታሪክ ያወራል። ደራሲው ይህን አጻጻፉን "ሕጽናዊነት" ብሎታል፣ ሲያስረዳም እንጀራን ይጠቅሳል። ለአንባቢ ይህን ማስረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፦ የእንጀራን ዓይኖች አስቡ፣ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ነው፣ ግን ሁሉም በአንድ ሊጥ ተያይዘዋል። ይህን የሰማ ሰው መጽሐፉ መሀል ላይ "ይህ ሰውዬ ደግሞ ከየት መጣ?" ብሎ ሲደናገር አይሸሽም፣ ይፈልጋል። ከዚያ የ1997ቱን ግራጫ ቃጭሎች ስጡትና ከዋና ገጸ ባሕርይው ከመዝገቡ ዱባለ ጋር አስተዋውቁት። እኔ ያንን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ልጅነቱ ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ትንፋሽ ወስጃለሁ። የስንብት ቀለማትን በመጨረሻ ራሱ ይጠይቃችኋል። የክረምት መጽሐፍ ነው፣ ሐምሌ ላይ ስጡት።

ሕልምና እውን ተቀላቅሎ መጻፉን ለሚወድ፣ ስለ ነገሮች ማሰብ ለሚያበዛ ልጅ የሌሊሳ ግርማ አጫጭር ልብ ወለዶች አሉ። እንግሊዝኛ ለሚያነቡ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ አሜሪካ የምትኖረውን የመዓዛ መንግሥቴን ዘ ሻዶው ኪንግ አስባለሁ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቶ የነበረው ነው። በ1928ቱ የጣሊያን ወረራ የተዋጉ ሴቶችን ያነሳል። ታሪክ ክፍል ውስጥ ስለዚያ ጦርነት የተማረች ልጅ፣ አያቷ ምን አድርጋ ይሆን ብላ እንድትጠይቅ ያደርጋታል።

በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የሚወጣውን አዲስ ልብ ወለድ እኔ አላነብምና ልመክር አልችልም። እናንተ ውስጥ ግን የሚያነቡ አሉ። እነሱ ይምከሩ። ከባሌ የመጣ ልጅ፣ ከመቀሌ የመጣች እናት "በእኔ ቋንቋ አዲስ ምን አለ?" ስትል የሚመልስላት ሰው ይኑር።

አንዳንዶቻችሁ የምትፈሩትን ደግሞ አውቃለሁ። "ይህ መጽሐፍ ብልግና አለበት፣ ወላጅ መጥቶ ይጮህብኛል።" "ይህ ፖለቲካ ይነካካል፣ አለቃዬ ምን ይለኛል።" ሁለቱም ደርሰውብኛል። አንዲት እናት ልጇ የተዋሰውን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ወርውራ "ይህን ነው የምታስነብቡት?" ብላኛለች። ደነገጥኩ። ግን መጽሐፉን አንብቤው ስለነበር መልስ ነበረኝ። ገጹን ገልጬ፣ ያ ትዕይንት ለምን እንደገባ፣ መጨረሻው ላይ ምን እንደሚሆን ነገርኳት። በልጇ ዕድሜ ግን ትንሽ እንደፈጠነ አመንኩላት፣ ሌላ ሰጠሁት። ያንኛውን እሷ ራሷ ወሰደችው። ያላነበባችሁትን መጽሐፍ ልትከላከሉለት አትችሉም፣ ስለዚህ አንብቡ። ኃላፊዎችም ሠራተኛው በሥራ ሰዓት መጽሐፍ ገልጦ ስታዩት "ሥራ ፈቷል" አትበሉት። የእሱ ሥራ እሱ ነው።

አንድ ቀላል ነገር ደግሞ ልጠቁም፣ ገንዘብ የማይጠይቅ። ከበሩ አጠገብ አንድ ትንሽ መደርደሪያ ይኑር፣ ጠረጴዛም ይሆናል። አሥር አዳዲስ ልብ ወለዶች ፊታቸውን ወደ ሰው አዙረው ይቁሙበት፣ ጀርባቸውን አይደለም። በእያንዳንዱ ላይ በእጅ የተጻፈች ቁራጭ ካርቶን ትኑር፣ ሦስት ወይም አራት መስመር። ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን ሙገሳ አትገልብጡ፣ "ድንቅ ሥራ"፣ "እጹብ ድንቅ" አትበሉ፣ ያ ቃል ከመደጋገሙ ብዛት ጣዕሙ አልቋል። እንዲህ በሉ፦ "አባትህ ጋር ተኳርፈህ ከሆነ ይህን አንብብ። ቀጭን ነው፣ በሁለት ቀን ያልቃል። መጨረሻው አልተመቸኝም፣ ግን እስካሁን አስበዋለሁ።" ከታች ስማችሁን ጻፉ። እኛ ቤተ መጻሕፍት ይህን ስናደርግ አንባቢዎች የራሳቸውን ካርድ እያመጡ መለጠፍ ጀመሩ። አንዱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የእኔን ካርድ ተቃውሞ ከጎኑ ሌላ ለጠፈ፣ "አልስማማም፣ መጨረሻው ነው አሪፉ" ብሎ። ሁለቱንም ተውኳቸው። መጽሐፉ ያን ወር አልተቀመጠም።

የውሰት ደንቡም ትንሽ ይላላልን። ዋስ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ዋስ፣ መታወቂያ፣ ሁለት ፎቶ፣ ማስያዣ፣ ይህ ሁሉ ተደርቦ ሲጠየቅ አውቃለሁ። በቤት ሠራተኝነት የምትሠራ፣ ከገጠር የመጣች ልጅ ከየት ዋስ ታመጣለች? ቢያንስ ለአንድ ልብ ወለድ፣ ለሁለት ሳምንት፣ በመታወቂያዋ ብቻ እመኗት።

ለእናንተም ለአንባቢዎች አንድ ሁለት ቃል አለኝ። ጠይቁ፣ አትፈሩ። "እሱ የለም" ከተባላችሁ ርዕሱን ጽፋችሁ ሰጥታችሁ ሂዱ፣ አምስት ሰው አንድ ርዕስ ከጻፈ ለግዥ የሚሆን ማስረጃ ነው። ገጽ አትቅደዱ። ቁም ሳጥን የሚያስቆልፍብን አንዱ ያ ነው። ያነበባችሁትን በጊዜ መልሱ፣ የሚጠብቅ ሰው አለ።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ በየከተማችሁ ገንዘብ እያዋጣችሁ ለትውልድ ቀያችሁ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የምትልኩ አላችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን በካርቶን ተጭኖ ከሚመጣው ብዙው እዚያ የተጣለ የእንግሊዝኛ መማሪያ ነው፣ ማጓጓዣው ራሱ ውድ ነው። በዚያ ገንዘብ እዚሁ የወጣውን አዲስ የአማርኛ ልብ ወለድ ከደራሲው ግዙና ለዚያው ቤት አስገቡለት። ቤተ መጻሕፍቱም ያገኛል፣ ደራሲውም ቀጣዩን ለማሳተም አቅም ያገኛል።

ስለዚያች ልጅ ልጨርስላችሁ። ተከትያት ወጣሁ። በሩ ላይ ደርሼባት ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን የራሴን ባርቾ ሰጠኋት። መጀመሪያ ተጠራጠረች፣ "ስንት ነው?" አለችኝ። ውሰት ነው አልኳት፣ ስትጨርሺ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ለሠራተኛዋ ስጫት። ሳምንት ሳይሞላ መልሳዋለች። ሠራተኛዋ ስትሰጠኝ መጽሐፉ ውስጥ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አገኘሁ፣ "ከዚህ ቀጥሎ ምን ላንብብ?" ይላል።

መልሱ ከዚያ የመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከግራ ሦስተኛው። እባካችሁ ቁልፉን አምጡት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሥራ የለኝም፣ ካርዶቹን በመጻፍ ላግዛችሁ እመጣለሁ፣ ካርቶንና ማርከሩንም እኔው ይዤ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ